ከመታጠፊያው በላይ ያለችው መንገድ

አንዱ የልጅነት ፍቅረኛውን ይናፍቃል፤ ሌላው የተወለደበትን ቤት። እኔ የምናፍቀው ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ያለች አንዲት የኮረኮንች አቀበት ነው፤ እሷንም ሙሉዋን አይደለም፣ ከመታጠፊያው በላይ ያለችውን ቁራጭ ብቻ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «ሴት በሆነች ይሻለኝ ነበር፤ ሄጄ ጸጉሯን እነጭላት ነበር» አለች። መንገድ ጸጉር የለውም። ስለዚህ ተናዳ ከመቀመጥ በቀር የምታደርገው የላትም።

ነገሩ የጀመረው፣ ግማሽ ዕድሜዬን የጭነት መኪና መሪ ላይ ከጨረስኩ በኋላ፣ ደብተር ገዝቼ የከተማችን ኮሌጅ የአውቶሞቲቭ ክፍል የገባሁ ዕለት ነው። ደሴን፣ አቀስታን፣ ወረኢሉን ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ መንገድ ያልሰበርኩት ባሌስትራ የለም፤ ድንጋዮቹ ሁሉ በስም ያውቁኛል። በመጨረሻ ወገቤ «በቃህ» አለኝ። እኔ ደግሞ ባለቤቴን አልታዘዝም እንጂ ወገቤን እታዘዛለሁ። ከእንግዲህ መኪና ላይ ሳይሆን መኪና ሥር ልኑር ብዬ ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ክፍል ስገባ ልጆቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አሰልጣኙ መስዬአቸው ነው። መንጃ ፈቃድ ስይዝ አንዳቸውም አልተወለዱም ነበር። ክብር ጠልቼ አላውቅምና «ተቀመጡ» አልኳቸው። ስም ልጠራ ጉሮሮዬን ስጠርግ እውነተኛው አሰልጣኝ ገባ።

«ጌታዬ፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«የለም፣ ራሴን ፈልጌ ነው» አልኩና መጨረሻው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

አሰልጣኙ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ለራሊ ውድድር መኪና የሚያዘጋጅ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ ማንኛውም አሰልጣኝ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ የመብራት መስመር ያስተምረናል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ለፈለገ ብቻ፣ በራሱ ፈቃድ፣ የውድድር መኪና ሙያ ያስተምር ነበር።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ መኪናው ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ ነው የምንሠራው» አለን በመጀመሪያው ቅዳሜ። «ዛሬ የምንሠራው ግን አቀበቱ አናት እስኪደርስ ብቻ ይኑርልን።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት መኪና እንዳይሞት መለመን ነው። ሲጭኑብኝ እለምናለሁ፣ ጎማ ሲያልቅብኝ እለምናለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ እለምናለሁ። ጭነቱን ጥሎ፣ ዕድሜውን ረስቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሽቅብ የሚሮጥ መኪና መኖሩን እሰማ ነበር እንጂ በእጄ የሚሠራ ነገር መሆኑን በዚያ ቅዳሜ ነው ያወቅኩት። ጎልማሳ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ባያውቅ ይሻለዋል። እንቅልፍ ይነሣል።

ከተማርናቸው ሁሉ የምትገርመኝ ትንሿ ነገር ናት። ብሎን ካጠበቅን በኋላ ከብሎኑ ራስ ጀምረን እስከ ብረቱ ድረስ በቀለም ቀጭን መስመር እንስባለን። ብሎኑ በንዝረት ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ መፍቻ ሳያነሡ በዓይን ብቻ ይታወቃል። ይህን ከተማርኩ ወዲህ የቤቴ በር፣ አልጋው፣ የድስቱ ክዳን እጀታ ሳይቀር ቀይ መስመር አላቸው። ባለቤቴ አንድ ቀን ከእንቅልፏ ነቅታ ግንባሯን በመስታወት ስታይ አግኝቻታለሁ።

አሰልጣኙ የድሮ ጋራዡን አነጋግሮ ኖሮ፣ ወደ ሥልጠናው ማብቂያ አንድ ወሬ አመጣልን። ለቀጣዩ የውድድር ወቅት ሁለት ሰው ይቀበላሉ። የቅዳሜዎቹ ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆንን ኮሌጁ ካሉት የመለማመጃ አሮጌ መኪኖች አንዳንድ እናዘጋጃለን፤ ከዚያ አቀበቱን እየተራራቅን ተራ በተራ እንወጣለን፤ በፈጣኑ ሰዓት የወጡት ሁለቱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በቃ። ለልጆቹ ይህ አንድ ዕድል ነበር፤ ባያገኙት ሌላ ይመጣላቸዋል። ለእኔ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ቢኖር የልጅ ልጅ ነበር።

ባለቤቴ ስትሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህ ሊያገቡ ደርሰው አንተ ልትሽቀዳደም?» አለች።

«አንድ ወቅት ብቻ ነው።»

«ሄደህ ብትቀርስ?»

«በዚህ ወገቤ የት እቀራለሁ?»

ሳቀች። ስትስቅ መፍቀዷ ነው።

ጥንዴ ከአቀስታ ወዲያ፣ ከብርዱ አገር የመጣች ልጅ ነበረች። የዚያ አገር ብርድ እንዲህ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ጥላችሁ «እኔ ቆይቼ እመጣለሁ» ብሎ ይቀራል። ይህች ልጅ ሒጃቧን አጥብቃ፣ የቱታዋን እጅጌ ጠቅልላ ሞተር ላይ ስታጎነብስ ዓይኗን ትጨፍናለች። በጆሮዋ ነው የምትሠራው። አሰልጣኙ ሞተር እንደሚተነፍስ፣ እንደኛ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚገባው ቤንዚን እንደሚበዛበትና እንደሚያፍነው ነግሮን ነበር። ሁላችንም ጻፍነው። እሷ ግን ካርቡሬተሩን በካቻቪቴ ጥቂት ነካ፣ ጥቂት መለስ እያደረገች የታፈነውን ሞተር ታስተነፍሰዋለች። ድምፁ ሲስተካከል ልክ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫው ሲከፈት ነው። ያን ጊዜ ዓይኗን ገልጣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እኔም አፍንጫዬ የተከፈተ ይመስለኝ ነበር።

ዋናው ሥራ ግን ማቅለል ነው። የውድድር መኪና የማያስፈልገውን ሁሉ ይጥላል።

«ጋሼ፣ የኋላ ወንበሩን ይንቀሉት» አለችኝ አንድ ቅዳሜ።

«አንቺ ልጅ፣ ስምንት ሰው የሚጫንበትን ወንበር?»

«ሦስት ነው የሚይዘው።»

«በኛ መንገድ ተሳፍረሽ አታውቂም ማለት ነው።»

«ይንቀሉት!»

ነቀልኩት። የሾፌር ነገር ሆኖብኝ፣ በባዶው ቦታ መንገድ ዳር የተውኳቸው እናቶች ከነዘንቢላቸው ቆመው የታዘቡኝ መሰለኝ። የበሩን ልባስ ነቀልን። ምንጣፉን፣ ሬዲዮኑን፣ ተጠባባቂ ጎማውን አወጣን። መኪናዋ በየሳምንቱ ስትከሳ እኔ ግን እንዳለሁ ነኝ።

«ወላሂ ጋሼ፣ የቀረው ክብደት እርስዎ ነዎት» አለች ልጅቱ ወደ ሆዴ እያየች። «እርስዎን የምንፈታበት መፍቻ ቢኖር...»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት ላይ ጭማሪ ተውኩ። ባለቤቴ ጎረቤት ሰብስባ «ሰውየው ታሟል» ብላ አስጠየቀችኝ።

በመጨረሻ የቀረው ከሞተሩ ሥር ያለው ወፍራም ብረት ነበር፤ የዘይት ማጠራቀሚያውን ከድንጋይ የሚከልለው። ይህን ለማውጣት ሁለታችንም አመነታን። አሰልጣኙን ስንጠይቀው «ድንጋይ ካልነካችሁ ሸክም ነው፤ ከነካችሁ ትፈልጉታላችሁ። ምርጫው የናንተ ነው» ብሎ ሄደ። ክሪክ ላይ በቆመችው መኪና ሥር ጎን ለጎን በጀርባችን ተኝተን ብረቱን አየነው።

«መንገዱን ያውቁታል አይደል?» አለችኝ።

«ድንጋዮቹን በስም አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ይውጣ።»

አወጣነው።

የውድድሩ ዋዜማ አሰልጣኙ ወደ ቀበሌው ሄዶ፣ ነገ ጠዋት በዚያ አቀበት የኮሌጁ መኪኖች በፍጥነት ስለሚወጡ ሰውም ከብትም ከመንገዱ እንዲርቅ አሳሰበ። እሱ የተናገረው ይህንኑ ነው። ሰው የሰማው ግን፣ የሰው ልጆች ነገ በገደል አፋፍ ላይ ሊጋልቡ ነው የሚል ነው። አሰልጣኛችን ጥሩ ሰው ነው፤ የኛን አገር ሰው ግን ገና አላወቀውም። የሰው ልጅ ወደ አደጋ ሲሄድ ወሎ ቤቱ አይቀመጥም።

ጠዋት አቀበቱ ግርጌ ተሰለፍን። አሰልጣኙ ትእዛዙን ሰጠ፤ «ሰው መንገዱ ላይ ከገባ ቁሙ። ከብት ከገባ ቁሙ። ከዚያ ውጭ ምንም ቢመጣ እንዳትቆሙ። ሰዓቱ ከዚህ እስከ አናቱ ነው የሚቆጥረው።» ከዚያ ከማይወዳደሩት ተማሪዎች ጥቂቱን ይዞ፣ መነሻችንን በስልክ ሊቀበል ወደ አናቱ ቀድሞን ወጣ።

ማን ይቅደም ሲባል ልጆቹ በአንድ አፍ «ጋሼ ይቅደሙ!» አሉ። በጣም የምንፎካከረው የደሴው ልጅ፣ የአሰልጣኙ ምርጥ ተማሪ፣ የመኪናዬን በር ሳይቀር ከፈተልኝ። ታላቅ ሳይቀድም እንዴት ይሆናል? እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁ። ያን ቀን ያከበሩኝን ያህል ቢንቁኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ተነሣን። ልጅቱ ከጎኔ ቁጭ ብላ ቀጣዩን መታጠፊያ ትነግረኛለች። «ግራ፣ ሰፊ... ቀኝ፣ ጠባብ... ማርሽ ይቀንሱ!» ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል። ግማሹን እንዴት እንደወጣነው አላውቅም፤ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም የምላት የግራር ዛፍ ገና አፌን ሳልከፍት አለፈችኝ። ከዚያ ወደ ትልቁ መታጠፊያ ተጠጋን፤ ጭነት መኪና ሁሉ የሚያዘግምበት፣ እኔም በዕድሜዬ ስንት ጊዜ የተንፏቀቅኩበት።

እዚያ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ። መንገዱ ላይ አይደለም፤ ዳር ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ በሥርዓት ተደርድረው። መኪና የሚያዘግምበትን ቦታ ማን እንደ እነሱ ያውቃል? መሀላቸው ያሉት ነጭ ጥምጣም ያሰሩ ሼህ ናቸው፤ አጠገባቸው የሰፈሩ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው። መኪናችን ብቅ ስትል ሁሉም መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

እዚህ ላይ እንግዳ አንባቢ ቢኖር ልንገረው። በኛ አገር ሽማግሌ እጁን ለምርቃት ከዘረጋ፣ የሚመረቀው ሰው እግሩ ባለበት ይቆማል። እየበላ ከሆነ ጉርሻው አፉ ውስጥ ይቆማል። ሌባ እንኳ እየሮጠ ቢሆን ቆሞ «አሚን» ብሎ ነው ሩጫውን የሚቀጥለው። እኔ ፍሬን ልያዝ ብዬ አላሰብኩም። እግሬ ነው የያዘው።

«ጋሼ! ሰዓቱ!» አለች ልጅቱ። ይህን ስትል ግን ዘወር ብዬ ባያት፣ የእሷም መዳፎች ተዘርግተዋል።

«ያ አላህ!» ብለው ጀመሩ ሼሁ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው ድምፃቸውን ጎተት አድርገው። «እኒህን ልጆች ከክፉ ሰበብ ሰውርልን!»

«አሚን!» አለች እሷ። «አሜን!» አልኩ እኔ።

«መሪው እጃቸውን ይስማ!»

«አሚን!»

«ፍሬኑ አይክዳቸው! ገደሉ አይያቸው! መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው!»

«አሜን! አሜን!» አልኩ፣ ፈጠን ቢሉልኝ ብዬ። ሼሁ ትጋቴን አይተው ደስ አላቸው መሰለኝ ከመጀመሪያው የበለጠ ዘረዘሩት። የዘይቱን ነገር አልረሱም፣ የጎማውን አልረሱም፣ ወላጆቻችንን፣ ያልተወለዱ ልጆቻችንን፣ አዝመራውን፣ የአገሩን ሰላም። በመጨረሻም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ከጥድፊያ ይሰውራቸው!» አሉ።

«አሚን» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋ የለቅሶ ያህል ቀጥኖ።

ማርሽ ልከት እጄን ስዘረጋ ቄሱ አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ። «እኔም አንዲት ልጨምር።»

አንዲት ያሏት ምርቃት፣ እግዜር ይይላቸውና፣ ከዳዊት አንድ ገጽ አታንስም ነበር። ልጅቱ «አሚን» እያለች፣ እኔም «አሜን» እያልኩ፣ ሞተሩም በቆመበት እያጉረመረመ ጨረስናት። ሲያበቁ ሼሁ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ።

«ኧረ የኋላ መቀመጫ እንኳ የላችሁም፣ ልጄ! በሉ ሂዱ፤ ቀስ እያላችሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚናፍቀኝ።

መሸነፋችንን ሁለታችንም አውቀናል። የተሸነፈ ሰው ደግሞ የሚጠነቀቅለት ነገር የለውም። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። መኪናዋ የኋላ ወንበር አልነበራትም፣ ምንጣፍ አልነበራትም፣ ተስፋም አልነበራትም፤ እንደዚያ ቀልላ አታውቅም። ልጅቱ መታጠፊያ መንገር ተወች። ሞተሩ ከታች ጀምሮ እየጠራ ወጣ፤ ስሱን አየር እስከ ጥጉ ሳበው። ኮረኮንቹ ከሥራችን እንደ ዝናብ ይረጫል። የኋላ ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ፣ መሪው ግን በርግጥም እጄን ይሰማል። በግራዬ ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ የወግዲ ማዶ ጋራዎች በጠዋት ጭጋግ ውስጥ፣ እኔም በመሀል። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ መንገድ ተጎትቻለሁ። በዚያች ቁራጭ ላይ ግን እኔ ነበርኩ መንገዱን የጎተትኩት። ወገብ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ዕድሜ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ልጅቱ ከጎኔ ትስቃለች፤ ወይም ታለቅሳለች፤ ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ አልለየሁም።

ከአናቱ በፊት ባለችው የመጨረሻ ጎርባጣ ላይ ከሥራችን «ቋ!» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ በስም የማላውቀው ድንጋይ ነበር።

አናት ላይ ስንደርስ ከኋላችን ጥቁር የዘይት መስመር ከጎርባጣዋ ጀምሮ ተከትሎናል። አሰልጣኙ ሰዓቱን፣ ከዚያ እኛን፣ ከዚያ ዘይቱን አየ።

«ምን ገጠማችሁ?»

«ምርቃት» አልኩ።

«መንገዱን ዘጉባችሁ?»

«ኧረ ዳር ነበሩ።»

«ታዲያ ለምን ቆማችሁ?»

«እጃቸውን ዘረጉ።»

አሰልጣኙ ዞር ብሎ አብረውት አናት ላይ የሚጠብቁትን ልጆች አየ። አንዳቸውም አልሳቁም። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። እዚያ ከቆሙት ውስጥ ለምን እንደቆምን ያልገባው እሱ ብቻ ነበር።

የደሴው ልጅና ጥንዱ ቀጥለው ወጡ። እንደ ጥይት። ሽማግሌዎቹ እነሱን ሲያዩ «ለናንተም ተመርቋል፣ እለፉ፣ እለፉ!» ብለው በእጃቸው አሳልፈዋቸዋል። ለሁሉም የሚበቃውን እኛ ተቀብለን ጨርሰንላቸዋል።

ልጁ ግን ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ቲቸር፣ ጋሼ ይድገሙት። እኔም ብሆን እቆም ነበር» አለ። አሰልጣኙም «ይድገሙት» አለ። ሁላችንም ወደ መኪናዋ ዞርን። የዘይት ማጠራቀሚያዋ ተቀዶ የመጨረሻዋን ጠብታ እያንጠባጠበች ነበር። ያወጣነው ብረት ኮሌጁ ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ «ቀለላችሁ አይደል?» እያለ ይጠብቀናል። ሌላ ያዘጋጀነው መኪና የለም። ልጅቱ ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብላ የተቀደደውን አየች። ከዚያ ተነሥታ የቱታዋን ጉልበት አራገፈች።

«አብሽር ጋሼ» አለችኝ።

የደሴው ልጅና ጥንዱ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። የሚቀጥለው ዓመት አሰልጣኛችን ዝውውር ደርሶት ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ ከእሱ ጋር ቅዳሜዎቹም ሄዱ። ኮሌጁ አሁንም ጥሩ ጥሩ ቴክኒሽያን ያወጣል። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ መኪና የሚሠራ ሞልቷል።

እኔና ልጅቱ ከተማው ውስጥ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነን። የጤፍ ጫኝ መኪና፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ ይመጣልናል። ሰዎች ሲመጡ «እንዲጠነክር አድርጉልኝ» ይላሉ፤ አንድም ቀን «እንዲቀል አድርጉልኝ» ያለ ሰው አልመጣም። ቢመጣ ከደስታዬ ብዛት ወንበሩን በጥርሴ እነቅልለት ነበር።

የደሴው ልጅ አልረሳንም። በስልክ የመኪናውን ፎቶ ይልካል፤ ተለጣፊ ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ። ያምራል። እኔ ግን አንድ ቀን «ልጄ፣ መኪናውን ከውጭ ማየቱ ይቅርብኝ፤ ስልኩን ወለሉ ላይ፣ ከፔዳሎቹ አጠገብ አስረህ ቪዲዮ ቀርጸህ ላክልኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። በሚቀጥለው ልምምድ ግን አደረገው። የሚታየው አንድ ጫማ፣ ሦስት ፔዳልና ትንሽ አቧራ ነው። የሚሰማው ሞተሩ ነው።

ይህን ምሳ ሰዓት ላይ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ጥቂት ደጋግሜ ካየሁት በኋላ ቀና ስል ልጅቱ እጇን እየጠረገች ቆማ እግሬን ታያለች።

«ጋሼ፣ እግርዎን ምን ነካው?»

ቀኝ እግሬ በባዶው አየር ላይ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። አላወቅኩም ነበር።

«ነዳጅ እየሰጠሁ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋራዡን ሙሉ ጠርታ ታስቅብኝ ነበር። አልጠራችም። ጎማው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሒጃቧን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከመጀመሪያው ያድርጉት» አለች። «ደግሞ ዝም ይበሉ፣ ልስማው።»